ከ17 ዓመት በኋላ ፈረስ ላይ ወጣሁ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ

ዳማዬ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የእናንተን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

ከ9 ዓመቴ እስከ 24 ዓመቴ ፈረስ ላይ ነው ያደግኩት። በሳምንት 4 እና 5 ቀን እጋልብ ነበር፤ ትናንሽ መሰናክል እዘላለሁ፣ የሰው ፈረስም ገርቼ አውቃለሁ። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ሁለት ልጅ መጣ። አሁን 41 ዓመቴ ነው። በእነዚህ 17 ዓመታት አንድም ቀን ፈረስ አልነካሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ተመለስኩ። ስቦርሸውና ስጭነው እጄ ሁሉን ያስታውስ ነበር። ልጓሙን አጉርሼ የጉሮሮውን ጠፍር ስቆልፍ በጠፍሩና በጉንጩ መሀል አራት ጣቴን አስገብቼ ለክቻለሁ፤ መለካቴን ያወቅኩት ግን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ላዩ ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። በእርምጃ ደህና ነበርኩ። ሶምሶማ ስንጀምር ጭነቱ እንደላላ ጆንያ ተንገጫገጭኩ። ምቱን አውቀዋለሁ፤ መቼ እንደምነሳ፣ መቼ እንደምቀመጥ አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን ግማሽ ምት እየዘገየ ይደርሳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ የውስጥ ታፋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝና ኮርቻውን ይዤ ቆምኩ። እሁድ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ ሰኞ ደግሞ ባሰብኝ።

ጥያቄዬ፦ መጀመሪያ ስፖርት ሠርቼ ልዘጋጅ ወይስ እየጋለብኩ ይመለሳል? ስንት ጊዜስ ይፈጃል?

ጠዋት ጋላቢ

እንኳን ተመለስሽ እህቴ! ሰኞ ከእሁድ መባሱ አያስደንግጥሽ። ያልለመደ ጡንቻ ሕመሙ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይለቃል። ቀስ ብለሽ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ ዝም ብለሽ አትተኚ። መጋጠሚያ ላይ የሚወጋ ወይም ከሳምንት በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ታዪ።

እኔ የተመለስኩት ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ስለ ውስጥ ሱሪ ማንም ሳይነግረኝ ነበር የጀመርኩት፤ ወፍራም ስፌት ያለውን ለብሼ ሁለት ሳምንት ቆስዬ ከረምኩ። ስፌት የሌለው ልበሺ። ሳቁብኝ።

ብረት እርካብ

ጋልቢ። ሌላ መድኃኒት የለውም። ጂም ፈረስ አይሆንም።

ወገብ ጠጋኝ

@ብረት እርካብ ጂም ፈረስ አይሆንም ያልከው ልክ ነህ። ነገር ግን ሰው ጡንቻውን ኮርቻ ላይ ልገንባ ሲል ያ ሁሉ መንገጫገጭ የሚያርፈው ፈረሱ ጀርባ ላይ ነው። እሱ ደግሞ አልተጠየቀም።

ዳማዬ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እጋልባለሁም። ወንበር ላይ እየዋለ ዓመታት ያለፉት ሰው ቀድሞ የሚያጥርበት ጭንን ወደ ሆድ የሚያነሳው፣ ከዳሌ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ሲያጥር እግር ከዳሌ ሥር ዘና ብሎ አይንጠለጠልም፤ ጉልበት ወደ ላይ ይሳባል፣ ወገብም ይሰረጉዳል። ጆሮሽ፣ ትከሻሽ፣ ዳሌሽና ተረከዝሽ በአንድ መስመር እንዲውሉ የተማርሽው ሁሉ ከዚያ ላይ ይበላሻል። ታፋሽ የሚንቀጠቀጠው የጎደለውን ሚዛን በመጨበጥ ሊሞላ ስለሚፈልግ ነው።

ለተመላሾች የምሰጠው ጥቂት ነው፤ ካበዛሁት አይሠሩትም። በሳምንት 3 ቀን፣ 20 ደቂቃ። በጀርባ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከወለሉ አንሺ፤ 12 ጊዜ፣ 3 ዙር። አንድ ጉልበት መሬት አስነክተሽ ዳሌሽን ወደ ፊት ግፊ፤ በየእግሩ 30 ሰከንድ። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ቆመሽ ተረከዝሽን ወደ ታች ልቀቂ፤ በክብደትሽ ብቻ እንጂ አትግፊው፣ የተረከዝ ጅማት ቶሎ ይቆጣል። ጥርስሽን ስትቦርሺ በአንድ እግር ቁሚ፤ ጠዋት በቀኝ፣ ማታ በግራ። በቀሩት ቀናት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በውስጥ መስመር መመለስ ትችያለሽ። ሁለት ልጅ ወልደሻል፤ የሆድሽ ጡንቻ መሀል ለመሀል ተለያይቶ እንደሁ ታይተሽ ታውቂያለሽ? ስታስነጥሺ ወይም ስትሮጪ ሽንት ያመልጥሻል? እንዲህ ያለ ችግር ካለ፣ ሶምሶማ ያባብሰዋል። የሚያሳፍር አይደለም፣ የሚታከም ነው። ፕላንክ የሚባለውን (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ከመጀመርሽ በፊት ግን ይታይ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላልሽው፦ ጡንቻ በሳምንታት ይነቃል፣ ጅማት ወራት ይፈልጋል። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት «አሁንማ ደህና ነኝ» የሚልሽ ጡንቻሽ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የሚያነክሱት እሱን ያመኑት ናቸው።

የድሮ ባልደራስ

ልጄ ዳማዬ፣ የጎደለሽን ከማውራቴ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅ። እርካብሽን ስንተኛው ቀዳዳ ላይ አሰርሽው? ሶምሶማ ላይ ጉልበትሽ ኮርቻውን ይዟል? ትንፋሽሽስ የት ነበር?

የመጀመሪያውን ልገምት፦ የ24 ዓመትሽን ርዝመት ነው ያሰርሽው። ዓይንሽ የሚያውቀው እሱን ነዋ። ክንድሽን ዘርግተሽ የጣትሽን ጫፍ እርካቡ የተንጠለጠለበት ብረት ላይ አድርጊ፤ እርካቡ ብብትሽ ሥር ይግባ። መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ አሳጥሪ። እርካብ ሲረዝም በጣትሽ ትፈልጊዋለሽ። ጣት ሲወርድ ተረከዝ ይነሳል፣ ተረከዝ ሲነሳ ጉልበት ይጨብጣል፣ ጉልበት ሲጨብጥ መቀመጫሽ ከኮርቻው ይለቃል። እርጥብ ሳሙና አጥብቀሽ ስትይዢው ከእጅሽ እንደሚያፈተልከው። ብዙ ጨብጦ የተደላደለ ፈረሰኛ አላየሁም።

ሶምሶማ ሁለት ምት ነው፤ ፈረሱ በሰያፍ ያሉትን ሁለት እግሮቹን አንድ ላይ ያነሳል። ክብ ስትዞሪ የውጭ ትከሻው ወደ ፊት ሲሄድ ተነሺ፣ ሲመለስ ተቀመጪ፤ ይህን አልረሳሽም። የረሳሽው መነሳቱ የእግርሽ ሥራ አለመሆኑን ነው። ፈረሱ ራሱ ያነሳሻል፤ አንቺ ዳሌሽን ወደ ፊት ማስቀደም ብቻ ነው ያለብሽ። ስትመለሺ ደግሞ ዱብ አትበዪበት። እንቁላል ላይ የተቀመጥሽ ይመስል።

ትንፋሽን በተመለከተ፦ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፤ 1፣ 2፣ 1፣ 2። ካላፈርሽ ዝፈኚ። የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

አስተማሪ ካለሽ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት በረጅም ገመድ ክብ ታዙርሽ። ዛቡን ለእሷ ትተሽ እጅሽን ዳሌሽ ላይ አድርጊ። የድሮ ፈረሰኛ ይህን እንደ ውርደት ያየዋል፤ እኔ ግን ከ30 ደቂቃ ልፊያ 15 ደቂቃ ገመድ እመርጣለሁ።

ዳማዬ

ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ! ዛሬ ሄጄ አየሁት፦ በእርስዎ ልክ ስለካው እርካቤ ሦስት ቀዳዳ ረዝሟል። ሁለት አሳጠርኩ። ትንፋሼ ደግሞ... ሁለተኛውን ዙር ሳንጨርስ አስተማሪዋ «ተንፍሺ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። መያዜን አላወቅኩም። መቁጠር ስጀምር ድምፄ ራሱ ከፈረሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየቆየ ግን ለቀቀኝ። የገረመኝ የፈረሱ ጆሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ፊት ተቀስሮ የነበረው አንዱ ጆሮው ወደ እኔ ዞረና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ለካ እሱም ትንፋሹን ይዞ ነበር።

@ወገብ ጠጋኝ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። አመሰግናለሁ፣ ከልቤ።

መሰላል

ቁሳቁስሽ የድሮው ነው? እኔ ከ11 ዓመት በኋላ ስመለስ ቦቴን ከሳጥን አወጣሁ። ቆዳው ሙሉ ነበር፤ ቀባሁት፣ አበራ። ከፈረስ ስወርድ እኔ አንድ እርምጃ ስሄድ ሶሉ መሬት ላይ ቀረ። ሳነሳው እጄ ላይ እንደ ደረቀ አፈር ተፈረፈረ። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው የሚሠራ ሶል ባይጫሙትም የአየር እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ኮርቻ ላይ ሳለሁ ባለመሆኑ እድለኛ ነኝ።

የድሮውን የራስ ቁር ግን ለልጆች መጫወቻ እንኳ አትስጪ። ግጭቱን የሚውጠው ውስጡ ያለው ፎም ነው፤ ያረጃል፣ አንዴ ከተጨፈለቀም አይመለስም። አምራቾች ባብዛኛው በየ5 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ፤ ከወደቁበት ደግሞ ላዩ ላይ ጭረት ባይታይም በማግስቱ። ኮርቻው የራስሽ ከሆነ የእርካቡን ማንጠልጠያና የሆዱን ጠፍር ስፌት በጥፍርሽ እየፈተሽሽ እለፊ። ክሩ ከተነሳ ወደ ሰፊ።

ቦራ

ስለ ክብደት ማንም አላነሳም፤ እኔ ላንሳው። ወንድ ነኝ፣ ከ12 ዓመት በኋላ መመለስ እፈልጋለሁ። ያኔ 78 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 97። ፈረሱን እጎዳው ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ቀልድ አይደለም።

ወገብ ጠጋኝ

@ቦራ ይህን ማሰብህ በራሱ ከብዙዎች ያስቀድምሃል። ብዙ ሰው የሚይዘው መለኪያ ፈረሰኛው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አይለፍ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 8 ፈረሶችን 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ እያሸከሙ አይተዋል። በ25 እና በ30 በመቶው ላይ የልብ ምታቸው ጨምሯል፣ የጀርባ ጡንቻቸውም ይበልጥ ታሟል።

የአንተን እናስላ፦ አንተ 97፣ ኮርቻው 8፣ ልብስና ቁሩ 2፤ በድምሩ 107 ኪሎ። ስለዚህ 535 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ፈረስ ያስፈልግሃል። ወፍራም ሆኖ 535 የገባ አይቆጠርም፤ እሱ የራሱን ስብም ተሸክሟል። ትልቅ አጥንት ያለው፣ ጀርባው ሰፊና አጠር ያለ ፈልግ። ከመሬት በእርካብ እየተንጠለጠልክ አትውጣ፣ መውጫ በርጩማ ተጠቀም፤ ይህ ለ50 ኪሎ ሰውም ይሠራል።

ብረት እርካብ

ቦራ፣ እኔ 102 ነኝ። ትልቅ ፈረስ አለ። ና።

ዳማዬ (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ጥሩ ወሬ ይዤ ብመጣ ደስ ባለኝ ነበር።

ሰውነቴ እየተመለሰ ነው፤ ከሳምንት ወዲህ ደረጃ ስወርድ አልጮኽኩም። ሐሙስ ዕለት ግን የለመድኩት ፈረስ ሌላ ሰው ይዞት ስለነበር «አንቺማ ልምድ አለሽ» ብለው አንዲት የ5 ዓመት ባዝራ ሰጡኝ። ልምድ አለሽ መባሉ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። አጥሩ ላይ የተያዘ ፕላስቲክ በነፋስ ተነሳና በረገገች፤ ወደ ጎን አንድ ትልቅ ዝላይ። የቀኝ እርካቤ ወለቀ። ጋማዋን ጨመደድኩ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ አልወደቅኩም፣ እሷም ወዲያው ቆመች።

እጄ ግን መኪና ውስጥ እስክገባ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ መሬት ከጎን ሲመጣ ይታየኛል። በ20 ዓመቴ እንዲህ ያለውን ስቄ ነበር የማልፈው። ዛሬ እርካቡ ሲወልቅ መጀመሪያ የመጣብኝ የልጆቼ ፊት ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ልሰርዘው ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ጠዋት ጋላቢ

አይዞሽ። ስልኩን አስቀምጪው። ከመሰረዝ ማስቀየር ይሻላል፦ «ማክሰኞ እመጣለሁ፣ የምጋልበው ግን ያንን የድሮውን ነው፣ በእርምጃ ብቻ» በያቸው።

ብረት እርካብ

የሚጥልሽ ፈረስ ላይ ቶሎ ካልወጣሽ ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል። እኔ ቢሆን እሷው ላይ እመለሳለሁ።

የድሮ ባልደራስ

ብረት እርካብ፣ በዚህኛው አልስማማም። 102 ኪሎ ሰው ፈርቶ ስላላየሁ ይሆናል። የፈራ ሰው የሚያስፈራው ፈረስ ላይ ሲወጣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ያስደነግጣሉ። ባዝራዋ ያላት 5 ዓመት ነው፤ እሷም ገና ተማሪ ናት።

ዳማዬ፣ ከእንግዲህ «ልምድ አለሽ» ሲሉሽ «ነበረኝ» በያቸው። ስታርፊ ዕውቀቱ አይጠፋም፣ መድረሻው ግን ይዘገያል፤ አንቺው ራስሽ ግማሽ ምት ብለሽ ጽፈሻል። ለወጣት ፈረስ ግማሽ ምት ብዙ ነው። ከ14 ዓመት ያላነሰ፣ ፕላስቲክ አይቶ የጠገበ ፈረስ ጠይቂ፤ ከሌላቸው ሌላ ቦታ ሂጂ።

አንገቱ ላይ ላላ ያለ ጠፍር አስሪለት፣ የድሮ የእርካብ ማንጠልጠያም ይሆናል። ስትደነግጪ እሱን ትይዣለሽ፣ አፉም አይጎተትም። ከዚያ ቆሞ ሳለ መውረድን ተለማመጂ፦ ሁለቱንም እግር ከእርካብ ማውጣት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅን አንገቱ ላይ ማድረግ፣ በአንዴ ተሽከርክሮ መውረድ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ። 10 ጊዜ ቆሞ፣ ከዚያ በእርምጃ። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ይረጋጋል።

መሰላል

እሱ ጃፓናዊ አይረሳኝም፤ ሂሮሺ ሆኬትሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ተወዳደረ፤ እንደገና የታየው በ2008 ቤጂንግ ላይ ነው። በ2012 ለንደን ላይ ሲጋልብ 71 ዓመቱ ነበር። አንቺ 41 ነሽ፣ ምን ቸኮለሽ?

ወገብ ጠጋኝ

@መሰላል ደስ ይላል፣ ግን እሱ በመሀሉ ከፈረስ አልራቀም፤ ከኦሊምፒክ ነው የራቀው። ለዳማዬ የሚቀርባት የዴንማርኳ ሊስ ሃርቴል ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ያዛት፣ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ከጉልበቷ በታች እንቅስቃሴ ሳይመለስላት፣ ፈረስ ላይ ስትወጣም ስትወርድም ሰው እየረዳት፣ በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ላይ በድሬሳዥ (ፈረስን በስልት የማስኬድ ውድድር) ብር አገኘች። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ውድድር ከወንዶች ጋር የተሰለፉበት ዓመት ነው። የእግር ትእዛዝ መስጠት ስላልቻለች ፈረሷ ጁቢሊ ትእዛዟን የምትረዳው በክብደቷና በወገቧ ነበር። ስለ መጨበጥ ያወራነውን እዚህ ላይ አስቢው።

ጉራቻ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ፈረሱም አብሮ አርፎ ከነበረስ? የኔው አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ከረመ።

የድሮ ባልደራስ

ለእሱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እርምጃ ብቻ። ከ20 ደቂቃ ጀምረህ ወደ አንድ ሰዓት አድርሰው፣ ከዚያ አጫጭር ሶምሶማ። ሳንባው ቶሎ ይመለስና ያታልልሃል፤ ጅማቱ ወደኋላ ይቀራል። ኮርቻውንም እንደገና አስለካ፤ የጀርባው ሥጋ ስለቀነሰ የድሮው ኮርቻ ትከሻው ላይ ይቀመጥበታል። ሰኮናውን፣ ጥርሱን አሳይ። ሁለታችሁም ከአረፋችሁ ደግሞ እግዜር ይርዳችሁ፤ ቢያንስ አንዱ ዝግጁ ይሁን።

ዳማዬ (ከ4 ወር በኋላ)

ማክሰኞውን አልሰረዝኩትም ነበር። ሄጄ ግማሽ ሰዓት በእርምጃ ዞርኩ፣ 10 ጊዜ ወረድኩ፣ ወደ ቤቴ መጣሁ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። አስተማሪዋ ሰለቻት መሰለኝ፤ እኔ ግን አልሰለቸኝም።

አሁን የ19 ዓመት ሰንጋ ፈረስ ላይ ነኝ፤ ፕላስቲክ ቢበላ እንጂ አይደነግጥም። የሆዴ ጡንቻ በእርግጥ ተለያይቶ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ፕላንክ የሚባል ነገር ሳልነካ ሌላ ሌላውን ሠራሁ። ሶምሶማ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ እሄዳለሁ። ቀላል ግልቢያ ላይ ያንን ሦስት ምት እንደገና ስሰማው አለቀስኩ፤ በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ሰው ባለመኖሩ ተመስገን። ዛሬ ደግሞ እርካቤን አንድ ቀዳዳ አስረዘምኩ። አሁንም የያኔውን ለመድረስ አንድ ይቀረዋል፤ ግድ የለኝም።

ባዝራዋን በየሳምንቱ አያታለሁ። ወደ በሩ ስጠጋ ትመጣለች፤ አንገቷን አክኬላት እመለሳለሁ። አልወጣሁባትም።

የድሮ ባልደራስ

ትንፋሽሽስ?

ዳማዬ

እዘፍናለሁ፣ ጋሼ። ሙሉውን ሰዓት።

ብረት እርካብ

የትኛውን ዘፈን?

ዳማዬ

አልናገርም። ፈረሱ ያውቃል።